ከባሕር ማዶ የመጣ ብርጭቆ

አገራችን የብርጭቆን ዕቃ ከባሕር ማዶ ማስመጣት የጀመረችው በቅርብ ዘመን አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈው «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» የተባለው የግሪክኛ የነጋዴዎች መጽሐፍ፥ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገባው ሸቀጥ መካከል በግብጽ አገር በዲዮስጶሊስ የተሠራውን ልዩ ልዩ ብርጭቆ ይቈጥራል። በአንጻሩ ከአዱሊስ የሚወጣው የዝሆን ጥርስ፥ የኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ ነበር። ቀንድ ሰጥተን ብርጭቆ ተቀበልን ማለት ነው። በአክሱም መቃብሮች በተደረገውም ቁፋሮ የብርጭቆ ዋንጫዎች ተገኝተዋል።

ብርጭቆን በቧንቧ እየነፉ መሥራት የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው መቶ ዓመት፥ በሶርያና በፍልስጥኤም ጠረፍ ነው። አሸዋውን ከሶዳና ከኖራ ጋር አቅልጦ፥ እንደ ማር ሲለዝብ በብረት ቧንቧ ጫፍ ጠቅልሎ መንፋት ነው። የቬኒስ መንግሥት በ1291 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) የከተማውን ብርጭቆ ሠሪዎች እሳት እንዳያስነሡ ፈርቶ ወደ ሙራኖ ደሴት አዛወራቸው። በኬብሮን ደግሞ ይኸው ጥበብ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ የኬብሮን ዶቃ በግብጽ በኩል እስከ ሱዳን ድረስ ይሸጥ ነበር።

ይህ ነገር የእኛንም አገር ሰው ይመለከታል። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከሆሣዕና በዓል ነው፤ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ሄዶ እስከ ኬብሮን የሚዘልቅም ሰው ሰማያዊውን ብርጭቆ ከመንገድ ዳር ያገኘዋል። ገዢው የዕቃውን ቂጥ ይመልከት። በእጅ የተሠራ ከሆነ የብረቱ ዘንግ የተላቀቀበት ጠባሳ ይታያል፤ በአካሉም ውስጥ ጥቃቅን የአየር ጠብታዎች አይታጡም። ነውር የሚመስለው ይህ ምልክት ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ጌጡ ነው።

በሀዲያና በከምባታ ገጠር መጠጫው ቅል፥ ሸክላና ቀንድ ሆኖ ኖሯል። ዋንጫ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ነገር ግን ጠጁ ጥሩ ይሁን ድፍርስ ለጠጪው አያሳይም። ብርሌ ግን አይደብቅም። የጠጅ ጣዪን እጅ ለእንግዳው ዐይን ያጋለጠው እርሱ ነው። ፍቅርን ከብርሌ ጋር ያስተካከለውም ተረት ስለ ስንጥቁ ብቻ ሲናገር ስለዚህ ጥራቱ ዝም ማለቱ ያስገርመኛል።

ዛሬ ከደቡብ አፍሪካና ከዐረብ አገር ተመልሶ ወደ ዱራሜ ወይም ወደ አንጋጫ የሚዘልቅ ሰው፥ ብርጭቆውን በደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ በመካከሉ ቃጫ ቢጐዘጕዝበት በደኅና ያደርሰዋል። ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው። ዕቃው ቡፌ ውስጥ ተቈልፎ አቧራ ይጠጣል።

በቤታችን ከኢየሩሳሌም የመጡ ስድስት ብርጭቆዎች ነበሩ። እናቴ የፋሲካ ዕለት ታወጣቸዋለች፤ ለብ ባለ ውኃ ታለቀልቃቸውና የፈላው ሻይ ድንገት እንዳያነቃቸው አስቀድማ ማንኪያ ትጨምርባቸዋለች። ሁለቱ ተሰበሩ። አራቱን አሁንም እንጠጣባቸዋለን።