ዘር

በግእዝ «ዘርእ» የተባለው ቃል በአማርኛ አልፉን ጥሎ «ዘር» ሆኖ ሳለ፥ በአንድ ወገን ገበሬው ከጎተራው አውጥቶ የሚበትነውን ፍሬ፥ በሌላ ወገንም የሰውን ትውልድና ሐረግ ያመለክታል፤ የዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ስም የቆመው በዚህ በሁለተኛው ፍች ነው።

ከሊማሊሞ ቁልቁለት ወርጄ በዛሪማ ገበያ የገዛሁትን ኦቾሎኒ ቅርፊቱን ሰብሬ፥ ቀይ ስስ ልብስ የለበሱትን ሁለት ፍሬዎች በመዳፌ ባኖርኋቸው ጊዜ፥ ሁለቱ ፍችዎች አንድ ሆነው ታዩኝ። ይህች ፍሬ በደቡብ አሜሪካ ምድር ከተዳቀሉ ሁለት የዱር ተክሎች ተወልዳ፥ 40 ክሮሞሶሞቿን ከሁለቱም እኩል የወረሰች ናትና፤ ሊቃውንትም የወላጆቿን ዘረ መል በ2016፥ የእርሷን ደግሞ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብበው አሳትመዋል። ዋግንና የቅጠል ነጠብጣብን የመቋቋም ጠባይ ከተገኘባቸው ምንጮች አንዱ የቦሊቪያ የዱር ዘመዷ ነው፤ እጅግ የሚያስደንቀኝም አዳቃዩ ዛሬ ከችግኟ ጥቂት ቅጠል ቆንጥሮ፥ በሽታው ገና ሳይደርስ፥ ያንን ርስት መውረስ አለመውረሷን በቤተ ሙከራ መለየቱ ነው።

በአገራችንም የወረር የግብርና ምርምር ማዕከል የኦቾሎኒ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ «ዝርያ» የሚለውም ቃል ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው።