ዶክተር አብርሃም አሰፋ፤ ከጎንደር የአንጀት ተዋሲያን ጥናት እስከ በሽታ መከላከል ሳይንስ

ዶክተር አብርሃም አሰፋ የሰውነትን በሽታ የመከላከል ሥርዓት በሚያጠናው የኢሚዩኖሎጂ ሳይንስ ስማቸው ከሚጠቀስ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች አንዱ ናቸው። በጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ያገለገሉ ሲሆን፣ በኋላም በአዲስ አበባ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሳይንሳዊ ዳይሬክተር ሆነው ሠርተዋል።

የጎንደሩ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን የተመሠረተ ነው። በ1978 ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በ2004 ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። ሆስፒታሉ ከከተማው ሌላ ከዳባት፣ ከደባርቅና ከሌሎች ደጋማ ወረዳዎች የሚላኩ ሕሙማንን ያክማል።

ዶክተር አብርሃም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኙትን የሳልሞኔላና የሺጌላ ባክቴሪያዎች መድኃኒት የመቋቋም ባሕርይ የሚመለከት ነበር። ሺጌላ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከሚያስከትሉ ተዋሲያን አንዱ ነው።

በ2002 ከስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ጋር ያሳተሙት ሥራ ደግሞ በአይጦች ላይ የተካሄደ የሌሽማኒያ ጥናት ነው። ጥናቱ የመከላከል ሥርዓቱን የሚገቱ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ሲቀነሱ፣ ሕመሙን የሚያባብሰው የሰውነት ምላሽ እንደሚጠነክር አሳይቷል። የሌሽማኒያ የቆዳ ዓይነት፣ በተለምዶ ቁንጭር የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የሚገኝ በሽታ ነው።

እነዚህ ተቆጣጣሪ ሴሎች ለአንጀት ጤንነትም አስፈላጊ ናቸው። ሴሎቹን የሚመራው ፎክስፒ3 የተባለ ዘረ መል ጉድለት ያለባቸው ሕፃናት ከባድ የአንጀት ሕመም ይደርስባቸዋል። በ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተሰጠውም ለዚሁ ዘርፍ ግኝት ነው። ክሮንስና አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የተባሉት ሥር የሰደዱ የአንጀት ብግነቶችም የመከላከል ሥርዓቱ ልኩን አልፎ አንጀትን ሲያጠቃ የሚከሠቱ ናቸው።

ጉዳዩ ለአገራችን የሕክምና አገልግሎት ልዩ ትርጉም አለው። የክሮንስ ምልክቶች ከአንጀት ቲቢ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ያስከትላሉ። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ክሮንስ የመከላከል አቅምን በሚገቱ መድኃኒቶች ሲታከም፣ ቲቢ ያለበት ሰው እነዚሁ መድኃኒቶች ቢሰጡት በሽታው ሊስፋፋበት ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት አንጀትን በመሣሪያ መመልከትና ከአንጀት በተወሰደ ናሙና ላይ የላቦራቶሪ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል።

ዶክተር አብርሃም በሳይንሳዊ ዳይሬክተርነት የመሩት አርማወር ሐንሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ተነሳሽነት የሥጋ ደዌን ኢሚዩኖሎጂ ለማጥናት ተቋቁሞ፣ በኋላ ቲቢንና ሌሽማኒያን በምርምሩ ያካተተ ኢንስቲትዩት ነው።