የሙዪንዲ ምቢንጉ መንገድና የማቻኮስ እርከን

ናይሮቢ ለንግድ የወረደ ሁሉ ሲቲ ማርኬትን ያውቀዋል። በበሩ ፊት የሚያልፈው መንገድ ሙዪንዲ ምቢንጉ ይባላል። ስሙን ሁልጊዜ እንጠራዋለን፤ ለታክሲ ሾፌር እንናገረዋለን፣ ዕቃ ለሚያመጣልን ሰው አድራሻ አድርገን እንሰጠዋለን። ሰውየው ማን እንደ ነበር ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። ታሪኩ የከብት፣ የአፈርና የውኃ ታሪክ ነው። ዛሬ በሞያሌ መንገድ ሶላር ፓምፕና የጠብታ መስኖ ቱቦ ጭነን ስናልፍ ይህን ታሪክ ማወቅ ይጠቅመናል ብለን ስላሰብን ጻፍነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ ስንወርድ አቲ ሪቨርን እንዳለፍን በስተግራ የሚታዩት ኮረብቶች የማቻኮስ ናቸው። ከዚያ ወደ ታች ማኩዌኒ፣ ወዲያ ማዶ ኪቱይ አለ። የካምባ ሕዝብ አገር ነው። ዝናቡ እንደ ቦረና ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ይመጣል እንላለን እንጂ የሚቀርበት ዓመት ብዙ ነው። ለዚህም ይመስላል ካምባዎች ከጥንት ነጋዴዎች የሆኑት። በ19ኛው መቶ ዘመን የዝሆን ጥርስ ጭነው ሞምባሳ ድረስ የሚወርዱት የካምባ ሲራራዎች ነበሩ። ከእነሱ ዋነኛው ኪቮይ የተባለው ሰው በ1849 ክራፕፍ የተባለውን ሚሲዮናዊ አገሩ ወስዶ አስተናግዶታል። ይህ ክራፕፍ ከዚያ በፊት አንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግቢ የኖረው ያው ክራፕፍ ነው። መንገዱ የእኛም የእነሱም የቆየ መንገድ ነው ለማለት ያህል ነው ያነሣነው።

እንግሊዞች ሲመጡ ከካምባ መሬት ጥሩ ጥሩውን ለነጭ ሰፋሪዎች ከለሉት፤ የያታንም ሜዳ የመንግሥት መሬት ነው ብለው ለግጦሽ ዘጉት። ሰውና ከብት በቀረችው መሬት ላይ ተጨናነቀ። በ1930ዎቹ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ ኮረብታው ተራቆተ፣ ቦረቦሩ እየሰፋ ሄደ። የቅኝ መንግሥቱ የአፈር ጥበቃ ሹም ኮሊን ማኸር በ1937 አካባቢውን አይቶ፣ ሕዝቡ መሬቱን ጨርሶ እያጠፋ ነው የሚል ሪፖርት አቀረበ። መሬቱ መጎዳቱ እውነት ነበር። የግጦሹ መዘጋት ግን ከጥፋቱ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ጥፋተኛ የተባለው ከብቱና ባለከብቱ ነው።

መፍትሔ የተባለው በ1938 መጣ፤ ከብት ይቀነስ። አቲ ሪቨር ላይ ሊቢግ የተባለ ኩባንያ የሥጋ ፋብሪካ የከፈተው በዚያው ዓመት ስለ ነበር፣ ለአፈሩ ታስቦ ነው ወይስ ለፋብሪካው የሚል ጥያቄ ተነሣ። ነጋዴ ስለሆንን ይህን ጥያቄ ለመረዳት አይቸግረንም። ከብቱ በግዳጅ እየተነዳ በርካሽ ዋጋ ለጨረታ ቀረበ። ያን ጊዜ ነው ቀድሞ ፖሊስ የነበረው ሙዪንዲ ምቢንጉ ሕዝቡን አስተባብሮ የተነሣው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ሴቶችና ልጆችም ጭምር፣ ከማቻኮስ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጉዘው ናይሮቢ ገቡና ገዥው ይስማን ብለው ለሳምንታት ሰፈሩ። ምቢንጉ ተይዞ ወደ ላሙ ደሴት ተጋዘ። የግዳጁ ሽያጭ ግን ቆመ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት እንደገና መጣ፤ በዚህ ጊዜ ገንዘብና ባለሙያ ይዞ ነበር። እርከን ይሠራ ተባለ፤ ሥራው ግን በግዳጅ ነበር። ያልወጣ ይቀጣል። መሬቱን ሊወስዱብን ነው የሚለው ሥጋት አልጠፋም ነበርና ሰዉ የሚቆፍረው ለአለቃው ዓይን ነበር። የታዘዘውም እርከን ጠባብ ቦይ ሆኖ አፈሩ ወደ ታች የሚጣልበት ዓይነት ነው። ለመቆፈር ይቀላል፤ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ይናዳል።

በዚሁ ዘመን ሌላ ዓይነት እርከን በጎን ገባ። በጦርነቱ ለእንግሊዝ ተቀጥረው ሕንድ ድረስ የዘመቱ የካምባ ወታደሮች እዚያ ተዳፋት መሬት ደረጃ በደረጃ ሲታረስ አይተው ተመለሱ። በስዋሂሊ ፋኛ ጁ ይሉታል፤ ወደ ላይ ጣል ማለት ነው። ቦዩን ተከትሎ የሚወጣው አፈር ወደ ዳገቱ ይጣላል። ይከብዳል፤ አፈርን ቁልቁል መጣልና ሽቅብ መወርወር አንድ አይደለም። ነገር ግን ከቦዩ በላይ የተከመረው አፈር ጎርፉን ያግደዋል፣ ጎርፉ የተሸከመውን ደለል እዚያው ያራግፋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዳፋቱ ራሱ እየተስተካከለ ደልዳላ እርሻ ይሆናል። በክምሩ ላይ ሣር ይተከላል፤ አፈሩን ይይዛል፣ ለላም መኖ ይሆናል። በቦዩ ውስጥ ውኃው ስለሚሰርግ ሙዝ ወይም ፓፓያ ይተከልበታል። ዝናብ ባጠረበት ዓመት በእርከኑ ላይ ያለው በቆሎ ፍሬ ሲይዝ ከእርከኑ ውጭ ያለው ይጠወልጋል። ገበሬው ይህን በዓይኑ ስላየ ነው ሽቅብ መወርወሩን የመረጠው።

ሥራውን የጨረሰው ማን ነው ቢባል ምዌትያ ነው። ምዌትያ እንደ እኛ ደቦ ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ይሠራል። በ1950ዎቹ ባለሥልጣኖቹም ግዳጁ እንዳልሠራ አይተው ሰዉ በራሱ ቡድን፣ በመረጠው መሪ ይሥራ አሉ። አብዛኛው ወንድ ናይሮቢና ሞምባሳ ለሥራ ስለሚሄድ ቆፋሪዎቹ በብዛት ሴቶች ነበሩ። ማቻኮስ ላይ የምናየው እርከን ባብዛኛው የእነሱ እጅ ሥራ ነው።

ገበያው ባይኖር ይህ ሁሉ ይሆን ነበር ወይ? አይመስለንም። አፍሪካውያን ቡና እንዳይተክሉ የነበረው ክልከላ በ1950ዎቹ ላላ፤ ቡና ለመትከል ደግሞ እርከን ግድ ነበር። ናይሮቢ እያደገች አትክልትና ፍራፍሬ ፈለገች። አንድ እርከን በአንድ ሁለት ዓመት ምርት ወጪውን ከመለሰ ሰው ይቆፍራል። ስለ ነጋዴ ሲነሣ ገበሬውን በዝባዥ ተብሎ ብቻ ስለሚነገር ይህን ቆም ብለን መናገር እንፈልጋለን፤ መሬቱን ካዳኑት ነገሮች አንዱ ቲማቲሙን የሚገዛ ሰው መምጣቱ ነው። በ1968 ደግሞ ማቻኮስ አጠገብ ካለው የካቱማኒ ምርምር ጣቢያ በአጭር ዝናብ የሚደርስ የበቆሎ ዘር ወጣ። ቶሎ ስለሚደርስ ዝናቡ ሳያቋርጥ ያመልጣል። ገበሬው ግን እንዳለ አልተቀበለውም፤ ከአገሩ ዘር ጋር እየቀላቀለ ዘራው።

በ1994 ሜሪ ቲፈን፣ ማይክል ሞርቲሞርና ፍራንሲስ ጊቹኪ ይህን ታሪክ በመጽሐፍ አወጡት። በ1932 ማቻኮስ ውስጥ 240,000 ያህል ሰው ነበር፤ በ1990 ወደ 1.4 ሚሊዮን ደረሰ። በሰው ብዛት ጠፋ የተባለው መሬት ስድስት እጥፍ የሚጠጋ ሰው ተሸክሞ አፈሩ ከቀድሞው ይልቅ ተጠብቆ ተገኘ፤ የነፍስ ወከፍ ምርቱም ጨምሯል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ለናይሮቢ ቅርብ ስለሆነ ነው፣ እርከኑን ያሠራው ከከተማ የሚላክ ደመወዝ ነው፣ ደመወዝተኛ ዘመድ የሌለው ድኻ መሬቱን እየሸጠ ወደ ደረቁ ቆላ ወርዷል ሲሉ ተከራከሩ። ሁለቱም ትክክል ይመስሉናል። የሐዋላ ገንዘብ አገር ቤት ምን እንደሚሠራና ለማን እንደማይደርስ እናውቃለንና።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ከ1973ቱ የወሎ ረሃብ በኋላ በወሎና በትግራይ ኮረብታዎች ላይ በስንዴና በዘይት ክፍያ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ። ደርግ በ1991 ሲወድቅ በብዙ ቦታ ሰዉ ወጥቶ እርከኑን አፈረሰ፣ የተከለለውን ደን ቆረጠ። እርከኑ የማን ነው ብሎ ያስብ እንደ ነበር ከዚህ በላይ የሚናገር የለም። ኬንያም በ1963 ነፃ ስትወጣ ሰዉ እርከኑን ለጥቂት ዓመታት ችላ ብሎት ነበር፤ የተመለሰበት በራሱ ፈቃድ ነው። ወደ ኮንሶ ጎራ ያለ ደግሞ ማንም ሳያዝዝ የተሠራውን ያያል። ከ400 ዓመት በላይ የሆነው የድንጋይ እርከን፣ አንዳንዱ አምስት ሜትር ከፍታ ያለው፣ ማሽላውና ሽፈራው አብረው የሚበቅሉበት፣ ዛሬም ይታረሳል። በ2011 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል።

አፈሩ ከተያዘ ቀጥሎ ውኃው ነው። በማኩዌኒና በኪቱይ ወንዞቹ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ናቸው። ውኃው ግን ከሥር አለ፤ ሴቶች አሸዋውን ጭረው ይቀዳሉ። የአሸዋ ግድብ የሚባለው ዘዴ ይህንኑ ያሰፋዋል። ከወንዙ ሥር ጠንካራ ዐለት ያለበት ቦታ ይመረጥና በድንጋይና በሲሚንቶ ግንብ ይገደባል። ጎርፉ ሲመጣ ከባዱ አሸዋ ከግንቡ ጀርባ ይቀራል፣ ቀላሉ ጭቃ በላይ ያልፋል። ግንቡ ሲሞላ የታጠረው በአብዛኛው አሸዋ ነው፤ ከዚህ አሸዋ ግን ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ቦታ ውኃ ነው። ፀሐይ አያገኘውምና ብዙ አይተንም፣ ትንኝ አይራባበትም፣ አሸዋው ራሱ ያጣራዋል። በማቻኮስ በ1950ዎቹ የተጀመረው ይህ ሥራ ከ1990ዎቹ ወዲህ በኪቱይ በመቶዎች ተቆጥሯል። ገንቢዎቹ አሁንም ያው የጎረቤት ቡድኖች ናቸው።

አሁን በዚህ ሁሉ ላይ የሚመጣው እኛ የምንሸጠው ዕቃ ነው። በ2007 ኤምፔሳ ከተጀመረ ወዲህ ኬንያ ውስጥ ለገበሬ በስልክ በየጊዜው እየተከፈለ የሚገዛ ሶላር ፓምፕ መሸጥ ተቻለ። ክፍያው ሲቋረጥ ፓምፑ ከርቀት ይቆለፋል፤ ሲከፈል ይከፈታል። ናፍጣ መግዛት ቀረ፤ በጠብታ መስኖ ውኃው ሥሩ ላይ ብቻ ይንጠባጠባል፤ ሩብ ሄክታር ያላት ሴት በበጋ ቲማቲም ታወጣለች። ጥሩ ነው። ግን የናፍጣው ፓምፕ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ናፍጣ ውድ ስለሆነ ባለቤቱ ቶሎ ያጠፋዋል። ፀሐይ ሒሳብ ስለማትጠይቅ ሶላሩ ቀኑን ሙሉ ይስባል። በአንድ አሸዋ ወንዝ ላይ አሥር ሰው ሲስብ ከታች ያለችው ሴት የምትጭረው ጉድጓድ ይደርቃል።

አሸዋው ራሱም እየሄደ ነው። ናይሮቢ ፎቅ ስትሠራ አሸዋውን የምታመጣው ከማቻኮስና ከማኩዌኒ ወንዞች ነው። አሸዋው ሲነሣ ውኃው የሚቀመጥበት ዕቃ ተነሣ ማለት ነው፤ ወንዙ ዐለቱ ድረስ ይራቆታል። በዚህ ጠብ ሰው ሞቷል። ማኩዌኒ በ2015 የአሸዋ ጥበቃ ሕግ አወጣች፤ ማውጣት በፈቃድ ሆነ፣ የወንዝ ዳር ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። ከእኛ መካከል መኪናውን ለአሸዋ ጭነት የሚያከራይ አለ። አንዱ ወንድማችን ሲጠየቅ፣ እኔ የምጭነው ከተቆለለው ነው፣ ከየት እንደ መጣ አልጠይቅም አለ። ያንኑ መኪና ሲመለስ ፓምፕ ጭኖበት ያውቃል።

ከያቤሎ ወደ ሜጋ ስንሄድ ዱብሉቅ ላይ የቦረና ቱላ ጉድጓድ አለ፤ ዘጠኙ ቱላዎች ከሚባሉት አንዱ ነው። ሰዎች በተራ ቆመው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየዘፈኑ ያወጣሉ። የየቀኑን ተራ የሚያዝ ሰው አለ፤ አባ ሄሬጋ ይባላል። ከብትህ አንድ ሺህም ቢሆን ያለ ተራህ አታጠጣም። ሞያሌ ላይ ፓምፕ የሚገዙ ሰዎች ስንት ሜትር ይስባል፣ ዋስትናው ስንት ወር ነው ብለው ይጠይቁናል። ባለፈው አንድ የቦረና ሽማግሌ ግን ለልጃቸው ሊገዙ መጥተው ዕቃውን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ የዚህ አባ ሄሬጋ ማን ነው ሲሉ ጠየቁን። ሻጩ የድርጅቱን ስልክ ቁጥር ሊሰጣቸው ነበር።