ትዳር የሚያስታርቀው ማን ነው? ፈቃዱንስ ማን ሰጠው?

አንበሳሜ ላይ ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ቀጥሎ የነፍስ አባት። ሁለቱም አልሆን ሲል ፍርድ ቤት። በጉዳዩ የሠለጠነ የቤተሰብ አማካሪ እዚህ ሰልፍ ውስጥ የለም። «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ነገሩ ግን ታሪክ አለው።

ሽማግሌን የባህል ጉዳይ ብቻ አድርገን እናየዋለን። ለ40 ዓመት ያህል ግን ሕግ ሥልጣን የሰጠው ሰው ነበር። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺ አቤቱታ የሚቀርበው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። እነሱም በአብዛኛው በጋብቻው ጊዜ ምስክር የነበሩት ናቸው። ማስታረቅ ካቃታቸው ፍቺውንም የሚወስኑት እነሱው ነበሩ።

የሽማግሌው ፈቃድ ስሙ ነበር። ቢያዳላ በማግስቱ ገበያ ላይ ይታማል፤ ሁለተኛ አይጠራም። ይህ ቀላል ቁጥጥር አይደለም። ጉድለቱ ግን ሽማግሌው ብዙውን ጊዜ ወንድ፣ አንዳንዴም የባል ዘመድ መሆኑ ነው። የተደበደበች ሴት «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ስትባል፣ ያ ምክር የሕግ ክብደት ነበረው።

ይህን የለወጠው የተደራጀ ሙያ ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ተሟጋቾች ሕጉ እንዲሻሻል ወተወቱ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ፤ ለሽማግሌ ማስታረቁን ተወለት። ክልላችንም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ክፍተት ቀረ። የሚያፋታው ዳኛ ተምሮ፣ ተሹሞ፣ ይግባኝ የሚባልበት ሰው ሆነ። የሚያስታርቀው ሰው ምን ይማር፣ ማን ይቆጣጠረው የሚለው ግን ሳይነሳ ታለፈ። የሚያነሳው ሙያም አቅም አልነበረውም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ ተቋርጦ እንደገና የጀመረው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የሕግ ባለሙያዎቹ ሲሟገቱ፣ ለቤተሰብ ምክር የሚሟገት አንድ ትውልድ ጎድሎ ነበር።

ሌላውም ዓለም በአንድ ጀምበር አልደረሰበትም። አሜሪካ ውስጥ የትዳር አማካሪዎች ማኅበር የቆመው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። የመጀመሪያውን የፈቃድ ሕግ ካሊፎርኒያ በ1963 አወጣች። ሃምሳውም ግዛቶች ፈቃድ መስጠት የቻሉት በ2009 ነው። 67 ዓመት! መንግሥት በራሱ ተነስቶ የሰጠው ነገር አልነበረም፤ ባለሙያዎቹ ተደራጅተው በየግዛቱ በር እያንኳኩ ያገኙት ነው።

ዛሬ የአንበሳሜም ወጣት ስልኩን ከፍቶ «የትዳር አማካሪ» ነኝ የሚል ሰው ያዳምጣል። ሰውዬው የሽማግሌው ስም የለውም፤ የነፍስ አባት ክህነት የለውም፤ ዳኛ አይደለም። በምክሩ ትዳር ቢፈርስ፣ ወይም አንዲት ሴት ወደሚደበድባት ሰው ብትመለስ፣ ማን ይጠይቀዋል?

የፈቃድ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ የተበደለ ሰው አቤት የሚልበት ቦታ ይሰጣል። ሽማግሌውን እናስወግድ አላልኩም። ፍርድ ቤት ባልና ሚስትን ወደ ሽማግሌ ሲመራ፣ የሠለጠነ ባለሙያ አብሮ ይቀመጥ ነው የምለው። ይህን ለመጠየቅ ደግሞ የሥነ ልቦናና የሶሻል ወርክ ምሩቃኖቻችን እንደ ሴት የሕግ ባለሙያዎቹ መደራጀትና መወትወት አለባቸው። እነሱ ካልጠየቁ ማንም አይጠይቅላቸውም።