ጎንደር የክረምት ከተማ ናት

እናቴ የተወለደችባትን ጎንደርን ካየች ሃያ ዓመት አልፏታል። ዘንድሮ «ጉልበቴ ሳይከዳኝ አንዴ ውሰደኝ» አለችኝ። ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝና መጀመሪያ ያደረግኩት ኤክሴል መክፈት ነበር። አሥራ ሁለቱን ወሮች ደርድሬ ለዝናብ፣ ለአልጋ ዋጋና ለእረፍት ቀኖቼ ነጥብ ሰጠሁ። ጥር አንደኛ ወጣ። ሐምሌና ነሐሴ መጨረሻ ሆኑ።

ውጤቱን ሳሳያት እማዬ ሳቀችብኝ። «አይ ልጄ፣ ጎንደርንማ በክረምት ነው ማየት!»

ነገሩ ከነከነኝና ማታ ማታ የጎንደርን ታሪክ ማንበብ ያዝኩ። ባነበብኩ ቁጥር ሠንጠረዤ እያሳፈረኝ መጣ።

ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት ብዙ ዘመናቸውን ያሳለፉት በድንኳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር ተከትሎ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቷል። የጻፈው የሚንቀሳቀስ ከተማ ነው፤ የንጉሡ ድንኳን፣ የድንኳን ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያው፣ ፍርድ የሚሰጥበት ቦታ፣ ሁሉም በየተራው። ለምን ይንቀሳቀሳሉ? ግብር መሰብሰብና ያመፀን ማስገበር አለ። ደግሞም ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ቦታ ከቆየ እህሉም ማገዶውም ያልቃል።

ይህ ሁሉ ግን የበጋ ሥራ ነው። ሰኔ ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ዘመቻ ይቆማል። ንጉሡም አንድ ደህና ቦታ መርጠው ይከርማሉ። ወደ እኛ ዘመን ጠጋ ብለን ብናይ እንኳ፣ አፄ ምኒልክ የአድዋን ክተት ያወጁት ዝናቡ ሲያበቃ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው፤ ውጊያው የካቲት 23 ዋለ።

ጣና ዙሪያ እንዲህ ዓይነት መክረሚያዎች ብዙ ነበሩ። አፄ ሠርፀ ድንግል ጉዛራ ላይ፣ አፄ ሱስንዮስ ደንቀዝ ላይ ግንብ አሠርተዋል። አፄ ፋሲል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ጎንደርን ቆረቆሩ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ልጃቸው አፄ ዮሐንስም፣ የልጅ ልጃቸው አፄ ኢያሱም በጋውን ዘምተው ክረምቱን እዚያው ይመለሱ ነበር። እያንዳንዳቸው ግቢው ውስጥ የራሳቸውን ግንብ ጨመሩ። መክረሚያው በዚሁ ዋና ከተማ ሆኖ ቀረ።

ቋንቋችንም ይህን አልረሳውም። «ከተመ» ማለት ሰፈረ ማለት ነው፤ ከተማም መጀመሪያ ሰፈር ነበር። «ከረመ» ከክረምት ጋር አንድ ሥር ነው። ዛሬም ቆይተን ስንገናኝ «እንዴት ከረማችሁ?» እንባባላለን።

በአንጻሩ ጥር ላይ የምናየው የፋሲል መዋኛ ውኃ ሰው የሚያመጣው ነው። ለጥምቀት ተብሎ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ ይሞላል። እጅግ ያምራል፤ ማየት የፈለገ አልጋውን አስቀድሞ ይያዝ። ደረቅ መንገድና ለምለም መስክ አንድ ላይ የፈለገ ደግሞ ከመስቀል በኋላ፣ እስከ ጥቅምት ድረስ ይሂድ።

የእኔ ስህተት ሌላ ነበር። ኮዱ አልተሳሳተም፤ ጥያቄው ነው የተሳሳተው። እኔ ያሰላሁት ለመዞር የሚመቸውን ወቅት ነው። እማዬ ግን መዞር አልፈለገችም። የፈለገችው መክረም ነው፤ እህቷ ቤት ቁጭ ብላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየሰማች፣ ቡና ተፈልቶ፣ የሞቱትንና ያሉትን እየቆጠሩ ማውራት። ለዚህ ደግሞ ከክረምት የተሻለ ወቅት የለም። ሠንጠረዤ ውስጥ «አብሮ መቀመጥ» የሚል ዓምድ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ከነገሥታቱ ዘመን ብዙም አልተለወጠም። ዛሬም መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፣ ያውም ሁልጊዜ በወንዝ አይደለም። በመኪና መሄዱን ስለፈራሁ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጥኩ። «ሌላ ጊዜ፣ ሁሉም ሲረጋጋ» ብዬ ሦስት ዓመት አሳልፌያለሁ። የእማዬ ጉልበት ግን ወቅት አይጠብቅልኝም።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ እንሄዳለን። ፍልሰታን እዚያው ትጾማለች። እኔ ጃንጥላ እይዛለሁ።