ሁለት መስኮት፣ አንድ ሸሚዝ

አንሪ ማቲስ በ1905 ግንቦት ላይ ኮሊዩር ሲደርስ 35 ዓመቱ ነበር። ባለትዳር፣ የልጆች አባት፣ ሥዕሉ ገና በቅጡ እንጀራ ያላወጣለት ሰው ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኮሊዩር ፈረንሳይ ከስፔን በምትዋሰንበት ጥግ፣ ሜዲትራኒያን ዳር ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ሐምሌ ላይ ጓደኛው አንድሬ ደሬን ተከተለው። ደሬን ገና 25 ዓመቱ ነበር። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የአንድ ድረ ገጽ በተን ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ በሚል ጉዳይ ስብሰባ እቀመጥ ነበር።

እነሱም ሲታገሉ የከረሙት ከቀለም ጋር ነው፤ ልዩነቱ ማንንም አላስፈቀዱም። ባሕሩን ሮዝ፣ የጀልባውን ምሰሶ ብርቱካን አደረጉት። ማቲስ «የተከፈተው መስኮት» የሚባለውን ሥዕል የሠራው ያኔ ነው። አንዱ ግድግዳ አረንጓዴ፣ ሌላው ሮዝ፣ መሐል ላይ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ጀልባዎቹ ይወዛወዛሉ። ዛሬ ዋሽንግተን ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሏል፤ 55 በ46 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ካለው ሞኒተር ብዙም አይበልጥም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ሥራዎቻቸው ሲታዩ ሉዊ ቮክሰል የተባለ ሐያሲ «አውሬዎች» አላቸው። ስድቡ ስም ሆኖ ቀረ። ፎቪዝም ማለት እንግዲህ በአማርኛ «አውሬነት» እንደማለት ነው።

እኔ ኮሊዩርን ያየኋት በሁለት ባቡር መሐል፣ ለሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ለሥራ ባርሴሎና ሄጄ ወደ ሰሜን ስመለስ ወረድኩ። መንደሯ ቆንጆ መሆኗን ታውቃለች፤ አትደብቅም። 3,000 ሰው የማይሞላባት ናት። የድሮ ነገሥታት ቤተ መንግሥት እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል። የቤተ ክርስቲያኑ የደወል ማማ ጥንት የመርከብ መብራት ማማ ነበር፤ ውኃው ጫፍ ላይ ነው ያለው። ሱቁ ሁሉ በጨው የታሸገ አንቾቪ ይሸጣል። ሠዓሊዎቹ ቆመው በሳሉባቸው ቦታዎች ላይ ደግሞ የሥዕሎቹ ቅጂ በፍሬም ቆሟል፤ ሥዕሉን ታያለህ፣ ቀና ብለህ እውነተኛውን ታያለህ። ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔም እንደማንኛውም ቱሪስት ፎቶ ሳነሳ ስልኬ ባትሪ ሊጨርስ ደረሰ።

ግን ማቲስ ኮሊዩር ውስጥ የሳለው መስኮት አንድ ብቻ አይደለም።

በ1914 መጸው፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ እዚያው መንደር ሆኖ ሌላ ሠርቷል። ግራና ቀኝ ሰማያዊ፣ ግራጫና አረንጓዴ ቋሚ መስመሮች አሉ። መሐሉ ግን፣ ባሕሩ መኖር የነበረበት ቦታ፣ ጥቁር ነው። በቃ ጥቁር። የሚገርመው፣ ሥዕሉን ቀረብ ብለው ያጠኑ ሰዎች ከጥቁሩ ሥር የበረንዳ ፍርግርግና ዛፍ አግኝተዋል። ውጪውን መጀመሪያ ስሎት ነበር፤ ከዚያ ሸፈነው። እንደ እኔ ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህ ይገባዋል፦ የመጨረሻው ቨርዥን ባዶ ቢመስልም ታሪኩ ከሥሩ ተቀምጧል። ማቲስ በሕይወት እያለ ይህ ሥዕል ለሕዝብ አልታየም። ዛሬ የፓሪሱ ፖምፒዱ ማዕከል ንብረት ነው። ለእኔ ከመጀመሪያው መስኮት ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም ኮሊዩር ከዚያ በኋላ ያየችው ነገር ሮዝ አይደለም።

ከባርሴሎና የሚመጣው ባቡር ድንበሩን በዋሻ ነው የሚያልፈው። ከስፔኗ ፖርትቡ ትነሳለህ፣ ይጨልማል፣ ፈረንሳይ ሰርቤር ላይ ብርሃን ታያለህ። ስልኬ ኔትወርክ ቀየረ፤ ይኸው ነው ድንበሩ። ቪዛዬ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶት ስለነበር ፓስፖርቴን ከኪሴ ሳላወጣ በእጄ ስዳብሰው መምጣቴን ግን አልክድም፤ የሐበሻ ፓስፖርት የያዘ ይረዳኛል።

በ1939 ጥር መጨረሻ ባርሴሎና በፍራንኮ ጦር እጅ ስትወድቅ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ወደዚህ ድንበር ተመመ። ከነሱ መሐል ስፔን ካሏት ታላላቅ ገጣሚዎች አንዱ፣ አንቶኒዮ ማቻዶ፣ ይገኝበታል። 63 ዓመቱ ነው፤ ታሟል። ዕድሜውን ሙሉ የፈረንሳይኛ መምህር ነበር፤ አሁን ቋንቋውን ሊፈልገው ነው። ከእሱ ጋር ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው እናቱ፣ ወንድሙ ሆሴና የሆሴ ሚስት አሉ። ድንበሩ ጋ መንገዱ በሰው ሲዘጋ ከመኪና ወርደው በዝናብ በእግር ተሻገሩ። ወረቀቶቹን የያዘው ሻንጣ እዚያው ቀረ። ሌሊቱን ሰርቤር ጣቢያ በቆመ የባቡር ፉርጎ ውስጥ አድረው በማግስቱ ኮሊዩር ወረዱ። እናትየው ግራ ተጋብተው፣ ወደ ድሮ ከተማቸው ወደ ሴቪያ የሚወስዷቸው መስሏቸው፣ እንደርሳለን ወይ ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል።

እዚህ ጋ ስለኛ አንድ ነገር ላስገባ። ሙሶሊኒ አዲስ አበባን የያዘው በ1936 ግንቦት ነው። በሁለት ወሩ የስፔን ጦርነት ሲጀመር ወታደርና አውሮፕላን ለፍራንኮ ላከ። እኛ ጋ አንድ ኮር የመራው ጄኔራል ኤቶሬ ባስቲኮ በ1937 ስፔን ውስጥ የጣሊያንን ጦር አዘዘ። በ1938 መጋቢት ባርሴሎናን የደበደቡት የጣሊያን አውሮፕላኖች ናቸው። ስለዚህ ያን ሽማግሌ ያሰደደው ጦርነት ለእኛ የባዕድ ታሪክ አይደለም።

በሆቴሉ ማዳም ኪንታና ተቀበለቻቸው። ዣክ ባይልስ የተባለ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ መዝገቡ ላይ «ማቻዶ፣ መምህር» የሚል ስም አይቶ፣ ማታ ትምህርት ቤት ግጥምዎትን ያጠናሁት እርስዎ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቀው። እሱ ነበር። ይኸው ባይልስ ኋላ እንደተናገረው፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ለምሳ አብረው አይወርዱም ነበር፤ የሚቀይሩት ልብስ ስላልነበራቸው የአንዱ ሸሚዝ ሲታጠብ ያኛው ክፍል ውስጥ ይጠብቃል።

ማቻዶ የካቲት 22 ሞተ። እናቱ ከሦስት ቀን በኋላ ተከተሉት። ወንድሙ ከካፖርቱ ኪስ ብጣሽ ወረቀት አገኘ፤ የመጨረሻው ስንኝ ስለ ጦርነቱ ሳይሆን ስለ ልጅነቱ ነበር። ሬሳ ሣጥኑን የተሸከሙት በዚያ ባሕር ዳር ቤተ መንግሥት ተይዘው የነበሩ የስፔን ሪፐብሊክ ወታደሮች ናቸው። አዎ፣ ማቲስና ደሬን የሳሉት፣ እኔ ፎቶ ሳነሳው የዋልኩት ቤተ መንግሥት። በመጋቢት «አስቸጋሪ» ለተባሉ ስደተኞች የቅጣት ካምፕ ተደረገ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ደግሞ የአርዤሌስ አሸዋ በሽቦ ታጥሮ፣ መጀመሪያ ላይ ጣሪያ እንኳ ሳይኖረው፣ አሥር ሺዎችን አስተኝቷል። ዛሬ እዚያ ሰው ፀሐይ ይሞቃል። ይሙቅ፤ ባሕር ዳር ለዚያ ነው። እኔን የቆረቆረኝ፣ በመንገዴ ካየኋቸው ፍሬሞች ውስጥ ጥቁሩ መስኮት አለመኖሩ ነው።

የማቻዶ የመጀመሪያ መቃብር እንኳ የውሰት ነበር። በ1958 ነው እሱና እናቱ የራሳቸው ቦታ ያገኙት። መካነ መቃብሩ ከመንደሩ መሐል ስለሆነ አንቾቪ ከሚሸጡት ሱቆች በእግር ይደረሳል። ከድንጋዩ ጎን የፖስታ ሣጥን አለ፤ ሰዎች ደብዳቤ ይጽፉለታል። እኔ ስደርስ ሣጥኑ ሞልቶ አንድ ፖስታ ከአፉ ወጥቶ ነበር፤ አድራሻው በእርሳስ፣ በልጅ እጅ የተጻፈ። ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌው ወደ ጣቢያው ሄድኩ።