አሮጌ ብረትና የጉለሌ እጅ

ከአነስተኛ ትራክተር ኋላ የሚገጠም የሳርና የቁጥቋጦ ማጨጃ ሲያዩት ቀላል ዕቃ ነው። ከላይ ወፍራም ላሜራ፣ መሐል ላይ ካምቢዮ፣ ከሥር የሚሽከረከሩ ቢላዎች፣ ከትራክተሩ ኃይል የሚቀበል ዘንግ፤ በቃ። ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ግን ቀለሙን ትቶ ሌላ ሌላውን ያያል። ቢላዋው የተሰቀለበት ቡሎን ምን ያህል ተበልቷል? ዘንጉን ሲወዘውዙት ኩሽኔታው ይላወሳል? ካምቢዮው ዘይት ያፈሳል? ላሜራው የተሰነጠቀው የት ላይ ነው፣ ቀድሞ የበየደው ሰውስ ሥራውን ያውቅ ነበር? ይህን ለይቶ የሚያውቅና የጎደለውን የሚሠራ እጅ በአቅራቢያ ካለ አሮጌው ማሽን ሀብት ነው፤ ከሌለ የአዲሱም ዕድሜ አጭር ነው። የአገራችን የማሽን ታሪክ ሲጻፍ የሚተረከው ማን መቼ ምን አስመጣ የሚለው ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ግን ማን አደሰው የሚለው ይመስለኛል፤ ለዚህም በሰሜን አዲስ አበባ ከቀጨኔ እስከ ዊንጌት ያለው የጉለሌ ታሪክ በቂ ማስረጃ ይሰጣል።

ማደስን የድህነት ዘዴ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። የበሬ እርሻችን አሠራር ግን ይህን አይደግፍም። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ድግሩና እርፉ እንጨት ናቸው፤ ብረት የሚገባው አፈር በሚነካው ማረሻና በወገሉ ላይ ነው። እንጨቱ ቢሰበር ገበሬው ራሱ ጠርቦ ይተካዋል። ብረቱ ሲዶለዱም ወደ ቀጥቃጭ ይሄዳል፤ በወናፍ ግሎ፣ በመስፍ ላይ ተመትቶ እንደገና ይሾላል። ይህ መሣሪያ ሲፈጠር ጠጋኙ አብሮ ታስቦበታል፤ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረውም በዚህ ነው። ለሥራው የሚሆነው ብረትም ብዙ ጊዜ አሮጌ ነበር። የጭነት መኪና በአገሩ ሲበዛ ያረጀ ሞላ ወደ ማረሻ፣ ወደ ማጭድና ወደ መጥረቢያ ይለወጥ ጀመር። ቀጥቃጩ ሞላን የመረጠው ስለረከሰ ብቻ አይደለም። ሞላ ካርቦኑ ከፍ ያለ፣ ግሎ ሲነከር የሚጠነክር ብረት ነው፤ ተራ ፌሮ እንዲህ አይሆንም። ቀጥቃጩ የካርቦኑን መጠን በቁጥር ባያውቀውም ብረቱን በመዶሻው ድምፅና በእሳቱ ቀለም ይለየዋል። ይህ ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት ተብሎ አለመመዝገቡ የእኛ ጥፋት ነው።

ጥፋቱ በጉለሌ ምድር በግልጽ ይታያል። ቀጨኔ ሴቶቹ ሸክላ የሚሠሩበት፣ ወንዶቹ የሚሸምኑበትና ብረት የሚቀጠቅጡበት መንደር ነው። ከተማው ሲቆረቆር ጀምሮ አዲስ አበባ የበላችበት ድስት፣ የጋገረችበት ምጣድ፣ የለበሰችው ሸማ ከእነዚህ እጆች ወጥቷል። በአንጻሩ ሠሪዎቹ ቡዳ እየተባሉ፣ ከጋብቻና ከማዕድ እየተገለሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብን ሰው የሚያስጠነቅቅ አዋጅ አወጡ። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አስገባ። ሁለቱን ክስተቶች ለየብቻ ማስታወስ ለምደናል፤ እኔ ግን አንድ ላይ መነበብ አለባቸው እላለሁ። ማሽኑ ከተማ በገባበት ዓመት ንጉሡ ማሽን ሊጠግን የሚችለውን ሰው ከስድብ ለማዳን አዋጅ ማውጣት ነበረባቸው። አውቶሞቢሉ እየበዛ ሄደ፤ ስድቡ ግን በአዋጅ አልጠፋም።

ዊንጌት ስሙን ያገኘው ከትምህርት ቤቱ ነው። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው ደግሞ ጌዴዎን የተባለውን ጦር እየመራ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አጅቦ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባው በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት ነው። ጣሊያን ከተባረረ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአገሪቱ ምርጥ ተማሪዎችን ሰብስቦ በእንግሊዝኛ ያስተማረ፣ ለዩኒቨርሲቲና ለመንግሥት ሥራ ያዘጋጀ አዳሪ ቤት ነበር፤ መለስ ዜናዊም የተማሩት እዚያው ነው። ከግቢው ብዙ የማይርቀው የቀጨኔ ወናፍ ግን በዚያ ትምህርት ውስጥ ቦታ አልነበረውም። መንግሥት የእጅ ሥራን ጨርሶ ረስቶት ነበር ማለት አይቻልም፤ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ የተቋቋመው የአለማያ ኮሌጅም የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ ተብሎ ነው የጀመረው። ይሁን እንጂ እነዚህ ቤቶች ሙያን እንደ አዲስ ከውጭ የሚገባ ነገር አዩት፤ በአገሩ ያለውን ቀጥቃጭ ጠርተው ከምታውቀው እንጀምር አላሉትም።

የዚህ ዋጋ የታየው ትራክተር ሲመጣ ነው። በ1960 ዓ.ም. መግቢያ በስዊድን እርዳታ በአሰላ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ የታሰበው ለአነስተኛው ገበሬ ነበር። መንግሥት ግን ትራክተርን ከቀረጥ፣ ነዳጁንም ከግብር ነፃ አድርጎ ስለነበር ባለርስቶች ማሽን እያስገቡ ጭሰኛውን ከመሬቱ ማፈናቀል ጀመሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የትልልቅ እርሻዎች መሬት ከነማሽኑ በመንግሥት እጅ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ከምሥራቁ ጎራ የመጡ ትራክተሮች በመንግሥት እርሻዎች ተሰለፉ፤ በናዝሬትም የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቋመ። ያም ሆኖ የመለዋወጫ እጥረት የመንግሥት እርሻዎች የዘወትር በሽታ ሆነ። ሥርዓቱ ሲለወጥ የማሽኑ ባለቤት ተለዋወጠ፤ ማሽኑ ከሚሠራበት ቀበሌ አጠገብ የሚፈታው ሰው ግን በማንኛውም ዕቅድ አልገባም። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ሲፈቅድ ጥሩ አድርጓል፤ ለአነስተኛ ትራክተርና ለተቀጽላዎቹ በሩ ሰፋ። ቀረጥ መነሳቱ ግን መግዛትን እንጂ መጠገንን አያመጣም፤ የአሰላውና የመንግሥት እርሻዎቹ ልምድ ይህን አስቀድሞ አሳይቶናል።

ያገለገለ ዕቃ ገበያን መደገፍ አገሪቱን የሌሎች ጥራጊ ማከማቻ ማድረግ ነው የሚል ተቃውሞ አለ። ከባድ ነገር ነው፤ ጨርሶ ያለቀ ማሽን በቀለም ተሸፍኖ ሊሸጥ እንደሚችል የማይካድ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ግን በሌላ ወገን ይመሰክራል። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ቆርቆሮ፣ በርሜልና ብረት እዚያ ተለይቶ፣ ተቆርጦ፣ ተቀጥቅጦ ምድጃና ባልዲ፣ ምሳርና ማንጠልጠያ ይሆናል። ጥራጊ የሚሆነው ከብረቱ የሚበልጠው እጅ በሌለበት ቦታ ነው። ስለዚህ ገዢውን ከማታለል የሚጠብቀው ዕገዳ ሳይሆን፣ ካምቢዮውን ከፍቶ የማርሹን ጥርስ የሚያይለት ሰው ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፤ የደኅንነቱ ጉዳይ። የአነስተኛ ትራክተር ኃይል ማስተላለፊያ በተለምዶ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ የማጨጃው ካምቢዮ ይህን ፍጥነት ያሳድገዋል፤ የቢላዋው ጫፍ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ተሰንጥቆ የተበየደ ቢላዋ በዚህ ፍጥነት ቢላቀቅ ሰው ይገድላል። ከሞላ የተሠራ ማረሻ ጥሩ ማረሻ መሆኑ ከሞላ የተሠራ ቢላዋ ለማጨጃ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ቢላዎቹ ክብደታቸው እኩል፣ ጥንካሬያቸውም ልክ መሆን አለበት፤ በጣም የጠነከረ ድንጋይ ሲመታ ይሰባበራል። በዘንጉ ላይ ያለው ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ቡሎንም እንዲሁ ነው። ቢላዋው ጉቶ ሲመታ እሱ ተቆርጦ ካምቢዮውን ያድናል፤ ጠንካራ ይሻላል ብሎ ሌላ የሚተካ ሰው ርካሽ ቡሎን አትርፎ ውድ ማርሽ ይሰብራል። የእጅ ልምድ ብቻውን እዚህ ላይ እንደማይበቃ እቀበላለሁ። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ የሚያረጋግጠው ማደስ ተራ ጥገና እንዳልሆነና ትምህርት እንደሚፈልግ ነው፤ ትምህርቱን የሚቀበለው ሰው ደግሞ ብረትን በድምፁ የሚለየው ያው ቀጥቃጭ ቢሆን ከሁሉ ይፈጥናል።

የዊንጌት ግቢ በኋላ ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅነት ተቀይሯል። አንዳንዱ ይህን እንደ ውድቀት ያወራዋል፤ ሚኒስትር ያወጣ ቤት ብየዳ አስተማሪ ሆነ ይላል። ይህ አነጋገር ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የከለከሉት ስድብ ተለሳልሶ ሲመለስ ነው። በእኔ እይታ ግቢው ከጎረቤቱ ሙያ ጋር የተገናኘው ገና አሁን ነው፤ መገናኘቱም ገና ግማሽ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሙያውን የትም ቢማረው ባለሙያው በምዘና እንዲታወቅለት መንገድ ከፍቷል፤ ሰው ሁሉ ሲኦሲ የሚለው ፈተና የዚህ ውጤት ነው። በቀጨኔ ወይም በምናለሽ ተራ ያደገ ሰው ወደዚህ ምዘና ሲመጣ የሚጠየቀው አሮጌ ማጨጃ ፈትቶ የተበላውን ኩሽኔታ እንዲቀይር፣ ቢላዎቹን በሚዛን እንዲያስተካክል፣ የትኛው ስንጥቅ እንደሚበየድና የትኛው እንደሚጣል እንዲለይ ከሆነ፣ አብዛኛውን ይዞ ይመጣል። የሚጎድለው የብረቱ ጥንካሬ መለኪያና የቡሎኑ ደረጃ ነው፤ ያንን ለማስተማር ኮሌጁ ዓመታት አያስፈልጉትም።